እባክህ ተጣላኝ፣ የቤት ሥራ አለብኝ

የሦስተኛ ክፍል የግብረ ገብ አስተማሪ እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው። ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ምግባር፣ ምግባር» ሲል የኖረን ሰው በዚያ ስም የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ከዘበኛው እስከ ርእሰ መምህርቷ ሁሉም «ጋሽ ምግባር» ይሉት ነበር። እሱም ስሙን አልጠላውም፤ እንዲያውም በዚህ ስም ሲጠሩት ከረባቱን ያስተካክላል።

ትምህርት ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ነው። ስድስት መቶ ልጅ ይማርበታል። ግብረ ገብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሰኞና ዓርብ፣ ከሒሳብ ቀደም ብሎ ይሰጣል። ጋሽ ምግባር ስለዚህ ትምህርት አንድ እምነት አለው፤ ምግባር በጆሮ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚገባው ይላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የምግባር ደብተር እንዲይዝ አዘዘ። የደብተሩ ገጽ በሦስት ይከፈላል፤ ምን አደረግሁ፣ ለማን አደረግሁ፣ ፊርማ። የሚፈርመው ልጁ ሳይሆን ነገሩ የተደረገለት ሰው ነው። ጋሽ ምግባር ራሱም ደብተር አለው። «እኔ ያልቀመስኩትን አላጎርሳችሁም» እያለ በየዓርቡ የራሱን ገጽ ለልጆቹ ያነብላቸዋል።

ውጤቱ ታዲያ ሁልጊዜ እንደታሰበው አልነበረም። እውነት በመናገር ሳምንት አንዱ ልጅ እቤታቸው ለመጣች እንግዳ፣ «እማዬ ‹ይቺ ሴትዮ ዛሬም መጣች› ብላለች» ብሎ ነገራትና ደብተሩን ዘረጋላት። ሴትዮዋ ፈረመች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም። በማካፈል ሳምንት አንድ የምሳ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አርባ ሦስት ልጅ ዞሮ ባዶውን ለባለቤቱ ተመለሰ። የሕዝብ ንብረት በመንከባከብ ሳምንት ደግሞ ጥቁር ሰሌዳውን በሳሙናና በሽቦ ፈትገው ፈትገው፣ ሰሌዳው ሁለተኛ ጠመኔ አልይዝም ብሎ አረፈው። ጋሽ ምግባር ይህን ሁሉ አይቶ ተስፋ አልቆረጠም። ቢሳሳቱም እየሠሩ ነው ይላል።

የመማሪያ መጽሐፉ ዐሥራ ሁለት ምዕራፍ አለው። ጋሽ ምግባር ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ የሚያስተምረው ግን ዐሥራ አንዱን ብቻ ነበር። ምዕራፍ ዘጠኝን፣ «ይቅር መባባል» የሚለውን፣ ይዘለዋል። በመጀመሪያው ዓመት ጉንፋን ያዘው። በሁለተኛው ዓመት ፈተና ደረሰ። በሦስተኛው ዓመት፣ ምዕራፍ ስምንት ሰፊ ነው ብሎ ለሁለት ከፈለው። በአራተኛው ግን ሰበብ መፈለጉም ታከተውና ገጹን ዝም ብሎ ገለበጠው።

ምክንያቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እሱ፣ ሁለተኛው የሒሳብ አስተማሪው።

ሁለቱ ሃያ ዓመት የቆዩ ወዳጆች ነበሩ። አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፣ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው መሐረብ ያወጣል። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ምግባር በሰልፍ ፊት ቆሞ ሰዓት ስለማክበር ይናገር ነበር። ንግግሩ ጥሞታል፤ ሲጥመው ደግሞ ማቆሚያ የለውም። «ጥሩ ዜጋ ማለት ሰዓቱን የሚያውቅ ነው» ከማለቱ የግቢው በር ተከፈተና የሒሳብ አስተማሪው ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ፣ ጸጉሩ ቆሞ፣ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ገባ። ያኔ ምላሱን ቢነክስ በተሻለው ነበር። «ልጆች» አለ ጋሽ ምግባር፣ «ማርፈድ ምን እንደሚመስል ማየት የምትፈልጉ ወደ በሩ ዙሩ።» ስድስት መቶ ልጅ ዞረ፤ ስድስት መቶ ልጅም ሳቀ።

ሰውየው እናቱን ሆስፒታል ሲያስታምም አድሮ፣ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ እንደመጣ ጋሽ ምግባር የሰማው በእረፍት ሰዓት ነው። ከሰዓት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ አለ። ከሰዓት ሰው በዛና ነገ አለ። በነጋታው የሒሳብ አስተማሪው ሰላም ሳይለው አለፈ። ጋሽ ምግባርም «ለዚህች ብሎ ሰላምታ ይነፍገኛል?» ብሎ ተቀየመ። ጉድ እኮ ነው፣ በዳዩ ተቀያሚ ሆኖ ቁጭ አለ። ሳምንት ሲሞላ ነገሩ ደረቀ፣ ዓመት ሲሞላ ደግሞ ከየት እንደሚጀመር ጠፋው። ይቅርታ ሊል አፉን በከፈተ ቁጥር፣ ምግባር የሚያስተምር ሰው እንዴት ምግባር አጣ የሚለው ሐፍረት መልሶ ያስከድነው ነበር።

የመምህራን ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጣቸው አልቀረም። መካከላቸው የምትቀመጠው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ አስታራቂ ሳትሆን አስተላላፊ ሆነች። «ቀይ እስክሪብቶውን እንዲያቀብለኝ ለሰውየው ንገሪው» ይላል አንደኛው። «ሰምቷል እኮ» ትላለች። «ቢሆንም ንገሪው» ይላታል። አራት ዓመት እንዲህ ስትናገር ድምፅዋ ሻከረ።

ዘንድሮ ርእሰ መምህርቷ ትእዛዝ አወጣች። እያንዳንዱ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር መሸፈን አለበት፣ የተማሪዎችን ደብተር እየዞርኩ አያለሁ አለች። ጉንፋንም አልረዳ፣ ፈተናም አልቀረበ። ጋሽ ምግባር አንድ ሰኞ እንደምንም ራሱን አደፋፍሮ ምዕራፍ ዘጠኝን ከፈተ።

ሰሌዳው ላይ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብሎ ጻፈ። ሲያስረዳም፣ ሳል የያዘው ሌባ ሰው ቤት ገብቶ ሲያስለው እንደሚያዝ ሁሉ፣ ቂም የያዘ ሰውም ጸሎቱ አይሠምርለትም አለ።

«ቲቸር» አለ አንዱ ከኋላ፣ «ሳሉ ሲድን መስረቅ ይችላል?»

ጋሽ ምግባር ይህን ለማቃናት ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ ጌታ ይቅር በሉ ያለው ሰባት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሰባ ጊዜ ሰባት እንደሆነ ነገራቸው። ልጆቹ ጣታቸውን መቁጠር ጀመሩ፤ ጣት አለቀ። «ቲቸር፣ ስንት ይመጣል?» አሉ። እሱ እንደ ዋዛ «የሒሳብ አስተማሪያችሁን ጠይቁ» አላቸው።

ጠየቁ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ በኮሪደር ሮጣ ደረሰችበትና፣ «አራት መቶ ዘጠና ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ግን ገና አልደረሰበትም ብለዋል» አለችው። ይህቺን ልጅ ክፍሉ «ዳኛዋ» ይላታል፤ የተጣላ ሁሉ ወደሷ ነው የሚሄደው። በአራት ዓመት ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ በኩል ሳያልፍ ከዚያ ሰው የመጣለት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ጋሽ ምግባር «እሺ» ብሎ ሄደ።

የሳምንቱን የቤት ሥራ የሰጠው በዚያው ሰኞ ነው። ከተጣላችሁት ሰው ጋር ታረቁ፣ የታረቃችሁት ሰው ይፈርምላችሁ፣ ዓርብ አያለሁ አለ። አንድ ነገር ግን ዘነጋ። የስምንት ዓመት ልጅ ቂም አያቆይም። ጠዋት ከተጣላው ልጅ ጋር በእረፍት ኳስ ይጫወታል፤ ለምን እንደተጣሉ ቢጠየቅ አያስታውስም። ጋሽ ምግባር የገዛ ሆዱን አይቶ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ አንድ የከረመ ጠብ ያለው መስሎት ነበር። አርባ ሦስት ልጅ ቤቱን፣ ሰፈሩን፣ ግቢውን ቢያስስ ለደብተሩ የሚሆን ጠላት አጣ።

የቤት ሥራ ደግሞ የቤት ሥራ ነው። ጠብ ከሌለ ይሠራል።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ምግባር በግቢው ሲያልፍ ሁለት ልጆች ግድግዳ ተደግፈው በትሕትና ሲነጋገሩ ሰማ።

«እባክህ ተጣላኝ፣ የቤት ሥራ አለብኝ።»

«አሁን አልችልም፣ ከሱ ጋር ልጣላ ቀጠሮ አለኝ።»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ከምሳ በኋላ ይሆናል። ምን ታደርገኛለህ?»

«እርሳስህን እሰብራለሁ።»

«ቆይ አሮጌውን ላምጣ።»

ጋሽ ምግባር መጀመሪያ ሳቀ። እረፍት ሲደርስ ግን ሳቁ ቀዘቀዘ። አንዱ ጥግ ላይ ሁለት ልጆች ተራ በተራ ይገፋፋሉ፤ በተገፋፉ ቁጥር ደብተር ይለዋወጣሉ። ወዲህ በኩል ደግሞ ሰልፍ አለ። ሰልፉ የቆመው «አኩራፊው» የሚባል ልጅ ዘንድ ነው። ይህ ልጅ ገና ሲያዩት የሚያኮርፍ በመሆኑ እስከዚያ ቀን ማንም አብሮት መጫወት አይፈልግም ነበር። አሁን ግን ቶሎ ስለሚቀየም ተፈላጊ ሆነ። አንዱ መጥቶ «አፍንጫህ» ይለዋል፤ ያኮርፋል። «ይቅርታ» ይለዋል፤ ይፈርማል። «ቀጥሎ» ይላል። በአንድ እረፍት ዐሥራ አንድ ሰው ይቅር ብሎ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር፤ ጠዋት ማንም የማይጠጋው ልጅ እኮ ነው።

አንድ ልጅ ደግሞ መስመር መስመር የተሠራበት ወረቀት ይዞ መጣ። «ቲቸር፣ እህቴን እስካሁን ሰላሳ ሁለት ጊዜ ይቅር ብያታለሁ። አራት መቶ ሃምሳ ስምንት ይቀራታል። ሲያልቅባት መምታት እችላለሁ?»

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ነርስ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ጠበቀችው። ልጇ ሌሊቱን ለሥራ ያዘጋጀችው ጫማ ውስጥ ውኃ ሞልቶ፣ ጠዋት እግሯ ላይ ወድቆ፣ «እማዬ በድዬሻለሁ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» እንዳላት ነገረችው።

«ታዲያ ፈረሙ?» አለ ጋሽ ምግባር።

«ፈረምኩ እንጂ፣ እግሬ ላይ ወድቆ እያለቀሰ ምን ላድርግ? እስክሪብቶውን ግን በአንድ እጁ ይዞ ነበር። ጫማዬም ይኸው እስካሁን ጭብጭብ ይላል።»

በዚያው ቀን ርእሰ መምህርቷ አስጠራችው። መዝገቧን ገልጣ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ በሁለት ቀን ሃያ ሰባት ጠብ ተመዝግቧል። አምና ዓመቱን በሙሉ ዐሥራ ዘጠኝ ነበር።»

«ሃያ ሰባቱም ታርቀዋል» አለ።

«ታርቀዋል፣ አውቃለሁ። ወላጆች ግን ተሰብስበው ደብዳቤ ጽፈዋል። ልጆቻችን ጠብ ተማሩ፣ ሰባን በሰባት ማባዛት ግን አልቻሉም ይላሉ። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ይሰበሰባል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስም ይመጣሉ። የግብረ ገብ ሁለቱም ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ለእርስዎ በሰልፍ ላይ አምስት ደቂቃ ይቀርልዎታል።»

ጋሽ ምግባር ወንበሩን ያዘ። እነዚያ ሁለት ክፍለ ጊዜያት ከተወሰዱ የሚቀረው የጽሕፈት ትምህርትና የመዝገብ ቤት ቁልፍ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ቁልፍ ሊይዝ አልመጣም።

ርእሰ መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ መንገድ አለ። የሒሳብ አስተማሪው ‹አልፈልግም፣ የራሴ ይበቃኛል› ካለ ነገሩ እዚያው ይሞታል። ሰውየው ክፉ አይደለም። ሄደው ያነጋግሩት።»

ከሁሉ የሚቀል ነገር የነገረችው መስሏት ነበር።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰው ነገር ስትሰማ መኪናውን አታቆምም፣ ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ብቻ እግሯን ታነሣለች። ሁሉንም ነገራት።

«ይቅርታ ጠይቀዋ» አለች፣ እየሰፋች።

«አሁን? ክፍለ ጊዜውን ፈልጎ ነው እንዲለኝ? አራት ዓመት ዝም ብዬ የችግሬ ቀን ስሄድ ምን ይለኛል? እሱ እንኳ ባይል እኔ ራሴ አላምነውም። ከአንገት በላይ ይሆናል።»

ሚስቱ እግሯን አነሣች፤ መኪናው ዝም አለ።

«አራት ዓመት ሙሉ ክፍለ ጊዜህን የሚነካብህ አልነበረም» አለች። «ያኔስ ምን ያዘህ?»

ጋሽ ምግባር ከረባቱን ፈትቶ ምስማሩ ላይ ሰቀለ። ሐሙስም እንደዚያው አለፈ፤ በመምህራን ክፍል ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሦስት ጊዜም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ «ምን ልበለው?» ብላ ጠየቀችው።

ዓርብ ከምሳ በኋላ ልጆቹ ደብተራቸውን ዘርግተው ጠበቁት። ጋሽ ምግባር በየወንበሩ እየዞረ አየ። አንዷ የሁለት ዓመት ወንድሟን አምስት ጊዜ አስፈርማለች፤ ፊርማው ከዳር እስከ ዳር ጭረት ነው። አንዱ ከውሻቸው ጋር ታርቆ በመዳፉ አሳትሟል። አኩራፊው ሰው ሲፈርምለት ሳይሆን ሲያስፈርመው ስለከረመ የራሱ ገጽ ባዶ ነበር፤ ይህ ሲነገረው አኮረፈ። ጋሽ ምግባር ማንንም አልተቆጣም። ዞሮ ሲጨርስ ፈጥኖ «መጽሐፋችሁን አውጡ» አለ።

ዳኛዋ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የእርስዎስ?»

የሱን ገጽ ሳይሰሙ ያለፉበት ዓርብ የለም።

ጋሽ ምግባር ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ። ገለጠው፤ ገለጠው እንጂ የሚነበብ አልነበረውም። አንድ ነገር ፈጥሮ ማውራት ይችል ነበር፤ የአርባ ሦስት ልጅ ዓይን ግን አስጨነቀው።

«አልሠራሁም» አለ።

«ምክንያት?» አለች ዳኛዋ። እሱ ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀችው፤ በድፍረት አልነበረም።

«ምክንያት የለኝም።»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። የክፍሉ ሕግ ይታወቃል፤ የቤት ሥራ ያልሠራ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ መስኮቱ ሥር ይቆማል። ሕጉን ያወጣው ራሱ ነው፤ ሕግ ለትልቅም ለትንሽም አንድ ነው ብሎ አስተምሯቸዋል። ማንም «ይቁሙ» አላለውም። እሱ ግን ጠመኔውን አስቀምጦ ሄዶ መስኮቱ ሥር ቆመ። ገጻቸው ባዶ ሆኖ ቀድመው ከቆሙት ከአኩራፊውና ከአንድ ሌላ ልጅ ጎን ተሰለፈ። ትምህርቱን ዳኛዋ ከመጽሐፉ እያነበበች ቀጠለች፤ ከሱ ይልቅ በደንብ ይሰሟት ነበር።

ጎኑ የቆመው ሌላው ልጅ ቀና ብሎ አየውና በሹክሹክታ፣ «ቲቸር፣ እርስዎም የሚጣሉት ሰው አጥተው ነው?» አለው።

«የለም፤ እኔስ አንድ አለኝ።»

«ዕድለኛ ነዎት። እኔ አንድም አላገኘሁ።» ቀጥሎም፣ «ታዲያ ለምን አልታረቁትም?» አለ።

«ፈርቼ።»

«ይማታል?»

«አይማታም።»

«ታዲያ ምኑ ያስፈራል?»

በዚህ ሳምንት ጋሽ ምግባር መልስ ያጣበት ጥያቄ በዛ።

ደወል ሲደወል ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ቀረ። የሒሳብ አስተማሪው ትልቁን ማስመሪያ በብብቱ ይዞ ገባና መስኮቱ ሥር የተደረደሩትን ሦስት ሰዎች አየ። ሁለቱ ልጆች ሮጠው ወደ ቦታቸው ሄዱ። ጋሽ ምግባር ብቻውን ቀረ። የሒሳብ አስተማሪው ወደሱ አላየም፤ ክፍሉን ጠየቀ።

«ምን ሆነው ነው የቆሙት?»

«የቤት ሥራ ስላልሠሩ ነው» አለች ዳኛዋ።

«የምን የቤት ሥራ?»

«የተጣሉትን ሰው ይቅርታ መጠየቅ።»

የሒሳብ አስተማሪው ማስመሪያውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጠመኔ አነሣ፣ መልሶም አስቀመጠው። ቃሉ የጋሽ ምግባር አፍ ላይ ደርሷል። አሁን ቢለው ግን ይቅርታው ሁለት ክፍለ ጊዜ ሊገዛበት ነው፤ ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ነው። እንደዚያ አድርጎ መጠየቅ አልፈለገም። እንዲሁ ዝም ብሎ መውጣትም ከዚህ በላይ አልቻለም።

«ሰልፍ ላይ ጠብቀኝ» አለው።

በአራት ዓመት ፊት ለፊት የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። የሒሳብ አስተማሪው በጭንቅላቱ እሺ አለ።

ጋሽ ምግባር በኮሪደሩ እየሮጠ ሄደ። ልጆች በኮሪደር እንዳይሮጡ ሃያ ስድስት ዓመት የከለከለ ሰው ነው፤ ያዩት ልጆች ግድግዳ ይዘው አሳለፉት። ርእሰ መምህርቷ ቢሮ ገብቶ ወረቀት ለምኖ ቆሞ ጻፈ፤ የግብረ ገብን የሰኞና የዓርብ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ። ፈረመ።

ርእሰ መምህርቷ አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። «ጋሼ፣ ኮሚቴው እኮ ገና አልተሰበሰበም። ማን ያውቃል፣ ላይወስኑብዎት ይችላሉ።»

«አውቃለሁ» አለ። «የቸኮልኩት ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ በመውጫ ሰልፍ ላይ ሁለት ደቂቃ ይስጡኝ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት መቶ ልጅ ቦርሳውን አዝሎ ተሰለፈ። ዓርብ ነው፤ እግር ሁሉ ወደ በሩ ዞሯል። ጋሽ ምግባር ድምፅ ማጉያውን ያዘ፤ ማጉያው እንደ ልማዱ ጮኸ፣ ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ጆሯቸውን ያዙ።

«ልጆች፣ ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ ቦታ ቆሜ ሰልፉን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ አሳቅሁት» አለ። «የሳቅነው አርፍዶ ስለመጣ ነው። እሱ ግን የታመሙ እናቱን ሲያስታምም አድሮ ነው የመጣው። ያን ቀን ያጠፋሁት ሳላውቅ ነው። ያወቅሁት ግን በዚያው ቀን ነው፤ ካወቅሁ በኋላ አራት ዓመት ዝም አልኩ። ትልቁ ጥፋት ይሄኛው ነው።» ወደ ሒሳብ አስተማሪው ዞረ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ማጉያው መንቀጥቀጡን ለመንገድ ሰው ሁሉ አሰማው። «ወንድሜ፣ ሰው ፊት ነው ያዋረድኩህ፣ ሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

ነገሩ ያልገባቸው አንደኛ ክፍሎች ማን እንዳሸነፈ ይጠያየቁ ጀመር። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ግን አልተነፈሱም። ጋሽ ምግባር ከሰልፉ በፊት የሞላውን የደብተሩን ገጽ ገልጦ፣ እስክሪብቶ ይዞ በልጆቹ መካከል አልፎ ሄደ። የሒሳብ አስተማሪው ደብተሩን ተቀበለው። ገጹን አነበበ፣ እስክሪብቶውንም ያዘ፤ ግን ወዲያው አልፈረመም።

«እኔ እኮ ይቅር ያልኩህ በዚያው ዓመት ነው» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይመጣል እያልኩ ስጠብቅህ ነው የከረምኩት።»

ፈረመለት። ጋሽ ምግባር ደብተሩን ተቀበለው። አራት ዓመት የተዘጋ በር ሲፈራ፣ በሩ ክፍት ሆኖ ነበር የከረመው። ከጥፋቱም ከሰልፉም ይልቅ ይህ አንጀቱን በላው፤ ልጆቹ ፊት አለቀሰ። ዳኛዋ ወደ ጎን ዞራ ለአኩራፊው፣ «ሠርተዋል» ብላ ነገረችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቄሱ ነገሩን ሰምተው ስለነበር ፊታቸው በርቷል። ወላጆቹም ተነክተዋል፤ ነርሷ ሳትቀር መሐረብ ይዛለች። የጋሽ ምግባር ወረቀት ተነበበ። ቄሱ ወደ ሒሳብ አስተማሪው ዞረው፣ «እንግዲህ ልጄ፣ እግዚአብሔር ካስታረቃችሁ ዘንዳ ክፍለ ጊዜውን ትመልስለታለህ አይደል?» አሉ።

ሁሉም ፈገግ ብሎ ጠበቀ። እውነቱን ለመናገር ጋሽ ምግባርም በሆዱ ጠብቆ ነበር።

«አልመልስም አባ» አለ የሒሳብ አስተማሪው። «ይቅርታው ሌላ፣ ክፍለ ጊዜው ሌላ። ልጆቹ ማባዛት አይችሉም። እሱም ለቅቄያለሁ ብሎ ፈርሟል። እወስደዋለሁ።»

ቄሱ ጢማቸውን ዳበሱ። ርእሰ መምህርቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበረችና፣ ለማንም ሳታስተላልፍ የሰማችውን እንዳለ ጻፈች። ጋሽ ምግባር መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ከንፈሩን ነከሰ፣ በመጨረሻ ሳቁ አመለጠው። ስብሰባው እንዲህ አለቀ።

ሲወጡ አብረው ወጡ። ማንም «እንሂድ» አላለም፤ እግራቸው የድሮውን መንገድ ያውቀዋል። ሁለት መታጠፊያ አለፉ።

«ወሰድክብኝ» አለ ጋሽ ምግባር።

«ወሰድኩብህ።»

«ተቀይሜሃለሁ።»

«ተቀየመኝ። መብትህ ነው። ግን እስከ መቼ እንደሆነ ንገረኝ፣ ልወቀው።»

ጋሽ ምግባር አሰበበት። ሁለቱ ክፍለ ጊዜያት ከልቡ ያንገበግቡታል፤ ሰኞ ሲነጋ አርባ ሦስቱ ልጆች ማባዛት ሲለማመዱ እሱ መዝገብ ቤት ሊቀመጥ ነው። «እስከ ሰኞ» አለ።

«ሰኞ ጥሩ ነው» አለ የሒሳብ አስተማሪው። ትንሽ ሄደና ቆመ። «እናቴ በየእሑዱ ትጠይቀኛለች። ያ ጓደኛህ የት ጠፋ ትለኛለች። ሥራ በዝቶበት ነው እላታለሁ።»

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«አንዳንዴ ፈተና እያረመ ነው እላለሁ። አንዳንዴ ሥልጠና ልከውት ነው። አንድ ጊዜ እግሩን ወለም ብሎታል ብያት ሦስት ሳምንት ጸለየችልህ።»

የሚለያዩበት ጋ ሲደርሱ ጋሽ ምግባር ወደ ቤቱ መሄዱን ትቶ ከጓደኛው ጋር ታጠፈ።

አሮጊቷ በር የከፈቱት ራሳቸው ናቸው። ቀጥነዋል፤ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው መቃኑን ይዘዋል። ጋሽ ምግባርን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«መጣህ» አሉ። «ሥራው ቀለለልህ?»

ጋሽ ምግባር ወደ ጓደኛው ዞረ። ጓደኛው የጫማውን ጫፍ ያያል። «አዎ እማማ» ማለት ቀላል ነበር፤ ማንም አይጎዳበትም፣ የልጃቸውም ገበና አይገለጥም። ግን ዛሬ እዚህ የመጣው ለቀላሉ አልነበረም።

«ሥራ አልነበረም እማማ» አለ። «ልጅዎን ሰው ፊት አዋርጄው፣ ይቅርታ መጠየቅ አፍሬ ነው የቀረሁት። እርስዎ ታመው እያሉ ሳልጠይቅዎት የቀረሁትም ለዚህ ነው።»

አሮጊቷ ልጃቸውን አዩ፣ ጋሽ ምግባርን አዩ።

«ፈተና አራት ዓመት አይታረምም፣ ልጄ» አሉ። «አውቄ ነው ዝም ያልኩት፤ እናንተ ናችሁ የማታውቁ። ግቡ፣ በሩንም ዝጉት፣ ብርድ ይገባል።»

ሁለቱም ጫማቸውን ጠርገው ገቡ፤ ኋላ የገባው ጋሽ ምግባር በሩን ዘጋ።